መረጃ ሰጪ አራት

አስቀድሜ አንድ ነገር ልናዘዝ። ከዚህ በታች በትእምርተ ጥቅስ ያስቀመጥኳቸውን ንግግሮች በሙሉ የጻፍኩት ከትውስታ ነው። ትውስታ ደካማ ምስክር መሆኑን ለተማሪዎቼ በየዓመቱ የማስተምረው ደግሞ እኔው ነኝ። ስለዚህ አንባቢዎቼ፣ "እንዲህ አለኝ" ስላችሁ "እንዲህ ያለኝ ይመስለዋል" ብላችሁ አንብቡልኝ።

ነገሩ የሆነው ከአሥር ዓመት ገደማ በፊት ነው። አማኑኤል ከተማ አራት ዓመት አማርኛ ካስተማርኩ በኋላ በጋዜጠኝነትና ኮሙኒኬሽን ሁለተኛ ዲግሪዬን እየተማርኩ ነበር፤ የመመረቂያ ጽሑፌን የማስረክብበት የመጨረሻው መንፈቅ ላይ ደርሻለሁ። ያን ጊዜ ፌስቡክ ወደ ወረዳ መሥሪያ ቤቶች መግባት የጀመረበት ወቅት ነው። ቀድሞ በሰሌዳ ላይ ይለጠፍ፣ በድምፅ ማጉያ ይለፈፍ የነበረው የመንግሥት ዜና በእጅ ስልክ መታየት ጀምሮ ነበር። እኔም "የአንድ ወረዳ ዜና ከየት ተነሥቶ፣ በማን እጅ አልፎ ከገጹ ላይ ይደርሳል?" የሚል ጥያቄ ይዤ፣ ከደብረ ማርቆስ በሚኒባስ ከአንድ ሰዓት የማይበልጥ መንገድ ወደምትርቅ አንዲት ወረዳ ተመላለስኩ። የወረዳዋን ስም አልጽፍም። የሰዎቹንም ስም ለውጫለሁ።

ዘጠኝ ሰዎች አነጋገርኩ። ስማቸው እንደማይጠቀስ ለእያንዳንዳቸው ፈርሜ ሰጠሁ። በጽሑፌ ውስጥም ከ"መረጃ ሰጪ አንድ" እስከ "መረጃ ሰጪ ዘጠኝ" ተብለው ተቀመጡ። አራተኛዋ ይታይሽ ነበረች፤ በሠላሳዎቹ አጋማሽ የምትገኝ፣ የሁለት ልጆች እናት፣ በወረዳው የኮሙኒኬሽን ጽሕፈት ቤት ዜና ጸሐፊ። ስድስት ዓመት በዓባይ በረሃ ጠርዝ ባለ ቀበሌ ሠርታ፣ እሷም ልጆቿም በወባ ተመላልሰው ታመው፣ ወደ ደጋ ዝውውር ካገኘች ገና ሁለት ዓመቷ ነበር። ስልኬን ለመቅረጫ ከፍቼ ፊቷ ሳስቀምጥ መጀመሪያ ከመመሪያ የተቀዳ የሚመስል መልስ ሰጠችኝ። ከዚያ ግን ድንገት ሣቀችና እንዲህ አለች፦

"ስብሰባው ማክሰኞ ከሆነ ዜናው ሰኞ ያልቃል። 'ተሳታፊዎቹ በሰጡት አስተያየት' እልና አስተያየታቸውን እኔ እሰጥላቸዋለሁ። ማክሰኞ የምጨምረው ፎቶውን ብቻ ነው።"

ሣቋ ሲበርድ፣ "ይኸን ለሰው ስናገር ያሁኑ መጀመሪያዬ ነው" አለች።

ወራት ሙሉ "ዜናው በተቀመጠለት አሠራር መሠረት ይዘጋጃል" የሚል መልስ ብቻ ለሰማ ተማሪ ያ ንግግር ምን እንደሆነ መገመት አያስቸግርም። አንድም ቃል ሳልነካ ገጽ አርባ አንድ ላይ አሰፈርኩት።

ስህተቴ እዚያ ላይ ነው። በዚያ ጽሕፈት ቤት ዜና የሚጽፉት ሦስት ሰዎች ብቻ ነበሩ። ስሟን በቁጥር ተካሁና ሰወርኳት ብዬ አረፍኩ፤ ያ ቁጥር ከስንት ሰው መካከል እንደሚሰውራት አልቆጠርኩም። በዚያ ላይ የጽሕፈት ቤቱ ኃላፊ የድጋፍ ደብዳቤ ሲጽፉልኝ፣ ጽሑፉን ከማስረከቤ በፊት ለሠራተኞቻቸው እንዳቀርብና እንዳስገመግም አስፈርመውኝ ነበር። እኔም ደንበኛ ተማሪ ነኝና፣ ከማቀርብበት ቀን አንድ ሳምንት ቀድሜ ረቂቁን ላክሁላቸው።

ሰኔ ገብቶ ነበር። ከደብረ ማርቆስ መናኸሪያ የሌሎች መኪኖች ረዳቶች "ይጁቤ! ይጁቤ!" እያሉ ሲጣሩ የእኔ ሚኒባስ ወጣ፤ ጠዋት ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ከጽሕፈት ቤቱ ደረስኩ። በረንዳው ላይ የመጀመሪያ ያገኘሁት አቶ እንየውን ነው። አቶ እንየው ከሦስቱ ዜና ጸሐፊዎች በዕድሜ ትልቁ፣ በወጣትነቱ ቅኔ ቤት የቆየ፣ ጡረታ ለመውጣት ወራት የቀሩት ሰው ነበር።

"ምሁሩ መጣህ? ቁጥራችንን ልትነግረን ነዋ!" አለኝ እጄን ጨብጦ። "ለመሆኑ እኔ ስንተኛ ነኝ? ዘጠነኛ አድርገኸኝ ከሆነ ተቀይሜሃለሁ።"

ሣቅሁ። ከኋላው ይታይሽ የመሥሪያ ቤቱን ካሜራ በአንገቷ አንጠልጥላ ቆማለች። "ደህና ገባህ?" አለችኝ። እጇ ቀዝቅዞ ነበር።

ኃላፊው አቶ አንሙት ቢሯቸው አስገቡኝ። በመካከለኛ ዕድሜ ያሉ፣ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ሲናገሩ ሰምቼ የማላውቅ ሰው ናቸው። ረቂቄ ጠረጴዛቸው ላይ ተቀምጧል፤ አንድ ገጽ ላይ ብቻ እስክሪብቶ ተሰክቷል።

"መምህር፣ ሻይ ይምጣልህ?"

"ጠጥቼ ነው የመጣሁ፤ እግዚአብሔር ይስጥልኝ።"

"አነበብኩት። ከልቤ ነው የምልህ፣ ቋንቋህ ያምራል። ገጽ አርባ አንድ ላይ ስደርስ ግን እንቅልፍ አጣሁ።" እስክሪብቶውን ነቀሉት። "ይኸ አራተኛው ማነው?"

"አቶ አንሙት፣ እሱን ልነግርዎት አልችልም። ቃል ገብቻለሁ።"

"ለእኔም ገብተሃል እኮ። ሳላስገመግም አላስረክብም ብለህ ፈርመህልኛል።"

"ለማስገምገም ነው የመጣሁት።"

"ጥሩ፤ እንግዲያው ስም አልጠይቅህም።" ወንበራቸውን ወደ ጠረጴዛው አስጠጉ። "በሚመጣው ሳምንት ከዞን ሰዎች ይመጣሉ። ገጻችንን ለሌሎች ወረዳዎች ማሳያ ሊያደርጉት ነው። አንተ ደግሞ ዜናቸውን ከስብሰባው በፊት ይጽፋሉ ትላለህ። ሠራተኛው ፊት ቁምና 'ይህ በስህተት የገባ ነው፤ አወጣዋለሁ' በል። እዚያው ያልቃል።"

"ካላልኩስ?"

"ካላልክ ለትምህርት ክፍልህ ፈቃዴን አንሥቻለሁ ብዬ እጽፋለሁ። ሦስቱን ጸሐፊዎቼንም ቆላ ቀበሌዎች እመድባቸዋለሁ። ሦስቱንም! ያን ጊዜ አራተኛው የቱ እንደሆነ ማወቁ አያስፈልገኝም።"

ይህን ሲሉ አልተቆጡም፤ የስብሰባ ሰዓት እንደሚያስታውቅ ሰው ነበር የተናገሩት። ፈቃዱ ከተነሣ የሰበሰብኩት መረጃ ሁሉ ዋጋ ያጣል፤ የትምህርት ፈቃዴ ደግሞ ነሐሴ ላይ ያበቃል። ይህን በልቤ አሰላሁ። የይታይሽን ልጆችም አሰብኩ። የትኛውን አስቀድሜ እንዳሰብኩ ግን ዛሬ ልምል አልችልም።

አዳራሹ ውስጥ አሥራ አራት ያህል ሠራተኞች ተቀምጠዋል። ሦስቱ ጸሐፊዎች ከፊት ረድፍ እንዲሆኑ ተደርጓል፤ አቶ እንየው፣ ባዘዘው የሚባል ዝምተኛ ሰውዬ፣ ከዳር ይታይሽ። ዝናቡ በቆርቆሮው ላይ መውረድ ሲጀምር የጥበቃው ጋሽ ወርቁ ካፖርታቸውን ደርበው ዱላቸውን በጉልበታቸው ላይ አጋድመው በሩ ሥር ካለው አግዳሚ ላይ ተቀመጡ።

አንድ ሰዓት ያህል አቀረብኩ። ይታይሽ ሁለት ጊዜ ተነሥታ በካሜራውም በስልኳም ፎቶ አነሣችኝ፤ ከዚያ ስልኳ ላይ አቀርቅራ ተቀመጠች። ገጽ አርባን ጨርሼ ወደ አርባ ሁለት ልሻገር ስል አቶ አንሙት እጃቸውን አነሡ።

"መምህር፣ አንድ ገጽ ዘለልክ።"

"ጊዜ ለመቆጠብ ብዬ ነው።"

"ጊዜ አለን። ዛሬ እርስ በርስ የምንማማርበት ቀን ነው።" ገጹን ራሳቸው ድምፃቸውን ሳይለውጡ አነበቡት። "ጓዶች፣ ሰው ሳይናገር ተናገረ ብሎ የሚጽፍ በመካከላችን አለ ይለናል። አለ ወይ? አንድ በአንድ እንጠያየቅ። ባዘዘው?"

ባዘዘው እንደ ተማሪ ብድግ አለ። "በማርያም! እኔ አላልኩም።"

"አቶ እንየው?"

አቶ እንየው ጊዜ ወስዶ ተነሣ፤ ጋቢውን አስተካከለ። "ጌታዬ፣ እኔ ብዬው ቢሆን ኖሮ በሦስት መስመር ባላለቀ።"

አዳራሹ በሣቅ ተናወጠ፤ አቶ አንሙትም ፈገግ አሉ። እኔ አልሣቅሁም። ሁለቱ ከጥርጣሬ ወጥተው የቀረችው አንዲት ሴት ነበረች።

"ይታይሽ?"

ካሜራውን ወንበሩ ላይ አስቀምጣ ተነሣች። አቶ አንሙትን አላየችም፤ ያየችው እኔን ነው። አፏን ከፈተች። ልክ በዚያች ቅጽበት የሻይ ትሪው ገባ፤ በሩ ሥር ትርምስ ሆነ፣ ብርጭቆ ተንኳኳ፣ ዝናቡም በርትቶ መጣ። አቶ አንሙት እንግዳ አክባሪ ናቸውና፣ "እሺ፣ ሻዩ ሳይቀዘቅዝ" አሉ። ሁሉም በየቦታው እንደተቀመጠ ብርጭቆ ታደለ።

አማካሪዬ ጋ ደውዬ ምን ላድርግ ልለው አሰብኩና ወደ በሩ ሄድኩ። ጋሽ ወርቁ ዱላቸውን ከጉልበታቸው አላነሡም።

"ስብሰባው ሳያልቅ ማንም እንዳይወጣ ተብያለሁ፣ ልጄ።"

"ስልክ ልደውል ነው፣ ጋሼ፤ አንድ ደቂቃ።"

"በእኔ ቢሆን ውጣ ባልኩህ። እሳቸውን አስፈቅድ።"

ተመለስኩ። ስልኬን ሳወጣ የጽሕፈት ቤቱ ገጽ አዲስ ነገር መለጠፉን የሚያሳይ ምልክት አየሁ፤ ለጥናቴ ብዬ እያንዳንዱን ልጥፍ እከታተል ነበር። ከፈትኩት። ፎቶው የእኔ ነው፤ አፌን ከፍቼ፣ እጄን ዘርግቼ፣ ከግማሽ ሰዓት በፊት የተነሣ። ከሥሩ ያለው ጽሑፍ በግምት የሚከተለው ነው፦ ተመራማሪው የጽሕፈት ቤቱ የዜና አሠራር ፈጣንና ለሌሎች አርአያ የሚሆን መሆኑን በጥናታቸው ማረጋገጣቸውን ገለጹ። በረቂቁ ውስጥ በስህተት የገባ አስተያየት መኖሩን ጠቅሰው እንደሚያወጡት ተናግረዋል። ተሳታፊዎቹም በበኩላቸው ከጥናቱ ሰፊ ግንዛቤ ማግኘታቸውን አስታውቀዋል።

ቀና ብዬ ተሳታፊዎቹን አየሁ። ሻይ እየጠጡ ነበር።

የዕለቱ ተረኛ ዜና ጸሐፊ ይታይሽ ነበረች። ይህን ጽሑፍ በዚህች ግማሽ ሰዓት ውስጥ አልጻፈችውም፤ ትናንት ተጽፎ ያደረ ነው። ፎቶውን ብቻ ጨመረችበት። ገጽ አርባ አንድ ከወረቀት ወጥቶ በእኔው ፊት እየሆነ ነበር። በጥናት ዘመኔ ሁሉ እንዲያ ያለ ማስረጃ እጄ ገብቶ አያውቅም፤ አንድ ቃል ልተነፍስበትም አልችልም። "ይኸው፣ ዜናው ስብሰባው ሳያልቅ ወጣ" ብል የጻፈችውን ሴት በእጄ ጠቁሜ መስጠቴ ነው።

ብርጭቆው ተሰበሰበ። አቶ አንሙት ስልካቸውን ከዓይናቸው አራቅ አድርገው ያዙ።

"ወደ ይታይሽ ከመመለሳችን በፊት" አሉ፣ "ዜናችን ወጥቷል። ላንብብላችሁ።" ከላይ እስከ ታች አነበቡት። ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ፤ በሰው ፊት ስለሆነ "አንተ" ማለቱን ትተውታል። "መምህር፣ አስተያየቱን እንደሚያወጡት ተናግረዋል ይላል። ብለዋል ወይስ አላሉም? ካሉ ሠራተኛውን ማስጨነቁ አያስፈልግም፤ እንዘጋዋለን። ካላሉ ጥያቄያችንን እንቀጥላለን።"

ይታይሽ ስሟ ሲነሣ እንደገና ቆማ ነበር። አሥራ አራት ሰው ወደ እኔ ዞሯል። የዝናቡን ድምፅ አስታውሳለሁ። አቶ እንየው ጋቢውን ወደ አፉ እንደሳበው አስታውሳለሁ። የራሴን ድምፅ ግን አላስታውስም፤ አስታውሳለሁ የምለው ከዚያ በኋላ የሆነውን አይቼ ያሰብኩትን ነው።

"ብያለሁ" አልኩ።

አቶ አንሙት ረቂቁን ዘጉት። ማጨብጨብ የጀመረው ማን እንደሆነ አላየሁም። ይታይሽ በቀስታ ተቀመጠች።

ከቀትር በኋላ ዝናቡ ሲያባራ መንገድ ዳር ቆሜ ሚኒባስ ስጠብቅ ነጠላዋን ተከናንባ መጣች። ሰላም አላለችኝም።

"ዜናውን ትናንት ጠዋት ነው የጻፍኩት። አዘዙኝ፤ ጻፍኩ። እንደ ሁልጊዜው" አለች።

"ገባኝ። አልተቀየምኩሽም።"

"እኔ ግን ተቀይሜሃለሁ።"

ደነገጥኩ። "ለአንቺ ብዬ እኮ ነው፣ ይታይሽ! ቆላ ይመድቡሻል ብዬ..."

"ለእኔ ብለህ ከሆነ እግዜር ይስጥልኝ። ጠይቀኸኛል?" ዓይኗን ከመንገዱ አላነሣችም። "ልናገር አፌን ከፍቼ ነበር። አይተሃል።"

"ምን ልትዪ ነበር?"

"አሁን ምን ያደርግልሃል?"

"ንገሪኝ።"

"አንተ ዜናውን ትክዳለህ ብዬ ነበር" አለች። "ስጽፈው እንኳ፣ ይኸ ሰው እዚያ ቆሞ 'አላልኩም' ይላል፤ አንድ ቀን አንድ ሰው 'አላልኩም' ይላል እያልኩ ነው የጻፍኩት። ስንት ዓመት በሰው አፍ ስናገር አንድ ሰው 'አላልኩም' ብሎኝ አያውቅም።"

ሚኒባሱ ደረሰ። ሌላ ነገር ብላኝ ከሆነ የሞተሩ ድምፅ ውጦታል። ከመስኮቱ አጠገብ ተቀምጬ ስልኬን አወጣሁና የድምፅ ቅጂዋን አጠፋሁት። ማንም እንዳያገኘው፣ እሷን ለመጠበቅ ብዬ፤ ያን ጊዜ ለራሴ የነገርኩት ምክንያት ይህ ነው። ገጽ አርባ አንድን አውጥቼ ጽሑፌን በወቅቱ አስረከብኩ። ተመረቅሁ። ይታይሽም ከደጋው አልተነሣችም።

እንግዲህ አንባቢዎቼ፣ ታሪኩ እዚህ ላይ ቢቆም እኔን ይመቸኝ ነበር፤ አንዲት እናትን ከበረሃ ያዳነ ሰው እሆናለሁ። ነገር ግን ያን ቀን ይታይሽን ማዳንና ዲግሪዬን ማዳን አንድ ቃል ሆነው ከአፌ ወጡ፤ የትኛው የትኛውን እንደሳበው ለይቼ አላውቅም። ሁለቱ ቢለያዩ ኖሮ ምን እላለሁ? ይህን ጥያቄ ሌሊት ሌሊት አልጠይቀውም፤ ቀን ላይ፣ ክፍል ውስጥ፣ ተማሪ የጥናት ዕቅዱን ይዞ ሲመጣ ነው የሚነሣብኝ። "ስማቸውን በቁጥር እተካለሁ" ሲለኝ፣ "ከስንት ሰው መካከል?" እለዋለሁ። "ከማውጣትህ በፊትስ ለቃሉ ባለቤት ታነብለታለህ?" እለዋለሁ። ብዙዎቹ ጊዜ የለንም ይላሉ። እኔም አንድ ሰዓት ለማይሞላ መንገድ ጊዜ አልነበረኝም።

ዜናው ዛሬም ገጹ ላይ አለ። ሠላሳ አንድ ሰው ወዶታል፤ አንድ ሰው "በርቱ!" ብሎ ጽፎበታል። ከእኛ በኋላ የሚመጣ ተመራማሪ ቢያገኘው እኔ እንዲያ ብዬ መናገሬን በምንጭነት ይጠቅሰዋል፤ ትክክልም ይሆናል፣ በመጨረሻ ብያለሁና። ያልኩት ግን ዜናው ከወጣ በኋላ ነው። ይህን የሚያሳይ ማስረጃ የትም የለም። ይታይሽ ሣቋን ጨርሳ የተናገረችውንም እኔው በእጄ አጥፍቼዋለሁ፤ ከላይ ያነበባችሁት ከረቂቄም አይደለም፣ ከጭንቅላቴ ነው።

ይህን ጽሑፍ እንደጨረስኩ፣ ገና ለማንም ሳላሳይ፣ ስልኳን አፈላልጌ ላክሁላት። ከሁለት ቀን በኋላ ደወለች።

"ያልኩት እንዲህ ነው መሰለኝ" አለች ስለ ገጽ አርባ አንዱ። "አንዳንድ ቃሉ ሊሳሳት ይችላል፤ ነገሩ ግን ነው።" ቀጥላ፣ "ጋሽ ወርቁን ግን በሩ ላይ ማን አስቀመጣቸው?" አለችኝ።

"እዚያው ነበሩ እኮ። አላስወጣም አሉኝ።"

"ጋሽ ወርቁ ያን ሰሞን ታመው ቤታቸው ነበሩ። በሩ ሥር ማንም አልነበረም። እንዲያውም ሻይ ይዘው ሲገቡ ክፍት ትተውት፣ ዝናቡ እየገባ ወለሉን አርሶት ነበር።"

እሷ ናት ያስታወሰችው ወይስ እኔ? አላውቅም። ጋሽ ወርቁ ዐርፈዋል፤ ልጠይቃቸው አልችልም። ስለዚህ የጻፍኩትን ሳልሰርዝ የእሷንም እዚህ አስቀመጥኩ። የፈለጋችሁትን ውሰዱ።

"ያን ቀን ምን ልትዪ ነበር?" አልኳት በመጨረሻ።

"እኔም እኮ አላስታውስም" አለች። "ዓመቱን ሙሉ አስታውሰው ነበር። በኋላ ጠፋብኝ።"

ይህን ጽሑፍ ለአንባቢ ላውጣው ወይ ብዬ ጠየቅኋት። "አሁን አይሆንም፤ ገና እዚያው ነኝ" አለች። እኔም አስቀመጥኩት። አንድ ዓመት አለፈ፤ ሁለተኛው ተጋመሰ። ባለፈው ወር መልእክት ላከችልኝ። ሥራዋን ለቃለች፤ ከባሏ ጋር ደብረ ማርቆስ ገብተው የጽሕፈት መሣሪያ መሸጫ ከፍተዋል። ሥሩ ላይ አንድ መስመር ነበር፦

"አሁን አውጣው። ጠይቀኸኛል።"